አዳኝና ልብሱ፦ ከአቧራ ቀለም እስከ ገበያ ጌጥ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የአንድን ዘመን አስተሳሰብ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በቤተ መንግሥቱ፣ በጦር ሜዳውና በመጻሕፍቱ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ልብስ፣ በተለይም የሥራ ልብስ፣ ከእነዚህ ያላነሰ ምስክር ነው። ልብስ ሰው ምን እንደ ሠራ ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ፈራ፣ ማንን ለመምሰል እንደ ተመኘና የማንን ቃል እንዳመነ ጭምር ይናገራልና። የአደን ልብስ ታሪክ ለዚህ አባባል አንድ ጥሩ ማስረጃ ነው።

አደን የሰው ልጅ ከያዛቸው ሙያዎች ሁሉ አንጋፋው ነው ማለት ይቻላል። በአንጻሩ ግን የአደን ልብስ ተብሎ በሱቅ መስታወት ውስጥ የሚሰቀለው፣ በሥዕልና በማሞገሻ ቃል ታጅቦ ለሽያጭ የሚቀርበው ዕቃ የኢንዱስትሪው ዘመን ልጅ ነው። ከዚያ ዘመን ወዲህ ጠመንጃ አንግቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዱር ለሚወጣ ሰው ሁለት መምህራን ቀርበውለታል። አንደኛው አገሩን በእግሩ የለካው የዱር ሰው ሲሆን ሁለተኛው ልብስ ሻጩ ነው። የሁለቱ ምክር የተስማማበት ጊዜ መኖሩ ባይካድም የተለያየበት ጊዜ ይበልጣል። ጀማሪው ሁለቱን መምህራን ሳይለይ በመቅረቱ ምን እንደ ከፈለ ለማየት ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በህንድና በአፍሪካ የሆነውን መመልከት ይበቃል።

የአቧራው ቀለም

የአደን ልብስ ሲባል በብዙ ሰው ዓይነ ኅሊና አስቀድሞ የሚመጣው ካኪ ነው። ቃሉ ከፋርስና ከኡርዱ ቋንቋዎች የመጣ ሲሆን ሥሩ “ኻክ”፣ ማለትም አቧራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 ሃሪ ላምስደን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ በምትገኘው በፔሻዋር አንድ መንገድ መሪና ቃፊር ጦር አቋቋመ። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ወታደር አንገቱን ያነቀ ቀይ ኮት ለብሶ በሩቅ የሚታይ ነበር። ላምስደን ግን ወታደሮቹ ሰፋ ያለ፣ ሰውነትን የማያስጨንቅና ከአገሩ አፈር ጋር የሚመሳሰል ልብስ እንዲለብሱ አደረገ። ይህ ልብስ ከሱቅ የመጣ አልነበረም፤ ከሥራው ጠባይና ከመሬቱ መልክ የተወለደ ነበር።

ካኪ ከህንድ ወጥቶ በዘመቻ ከተፈተነባቸው ቀደምት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ መሆኗ ብዙ ጊዜ አይወሳም። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘምት ከህንድ ያመጣው ጦር በርካታ ክፍሎች ይህንኑ የአቧራ ቀለም ለብሰው ነበር። ቃሉም ውሎ አድሮ በአማርኛ ሥር ሰድዶ የዘበኛው ኮትና የሠራተኛው ቱታ ሁሉ የሚጠራበት ስም ሆነ። በመጀመሪያው ዘመን የካኪ ችግር ቀለሙ በፀሐይና በእጥበት መልቀቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 በእንግሊዝ አገር በላንካሽር የማይለቅ የካኪ ማቅለሚያ የባለቤትነት መብት ካገኘ በኋላ ግን ጨርቁ በፋብሪካ በብዛት ይመረት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1899 በተነሣው የቦር ጦርነት ጊዜ ካኪ የእንግሊዝ ወታደር መታወቂያ ሆኖ ነበር።

በቅኝ ግዛት የሚያገለግለው መኮንን ከሥራው ሲያርፍ ዋነኛ መዝናኛው አደን ስለ ነበረ፣ የዘመቻ ልብሱን ሳይቀይር ወደ ዱር ይወጣ ነበር። ካኪ የአዳኝ ልብስ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ መምህራን አልተጣሉም፤ ሻጩ የሸጠው የዱሩ ሰው አስቀድሞ የፈተነውን ነበርና።

በሸሚዝ ብቻ ያደነው ሰው

ፍሬድሪክ ኮርትኒ ሰሉስ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1871 ደቡብ አፍሪካ ሲደርስ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጀማሪ ነበር። ከጊዜ በኋላ በደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል ስማቸው ከገነነ አዳኞች ዋነኛው ሆኗል። ሰሉስ ዝሆን ያደን የነበረው ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር ቆላማ ክፍል ሲሆን፣ በዚያ የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈው ዝንብ ፈረስን ስለሚፈጅ አደኑ በእግር ነበር። በእግር ማደንን ካስተማሩት አንዱም ሲጋር በሚል ስም የሚታወቅ የኮይኮይ ተወላጅ አዳኝ ነው።

የዝሆን ዱካ የሚከተል ሰው ከንጋት እስከ ቀትር፣ አንዳንዴም እስከ ምሽት በሩጫና በእርምጃ መካከል ሲጓዝ ይውላል። በዚህ ሁኔታ ሰሉስ የመረጠው ልብስ ባርኔጣ፣ አንድ ሸሚዝ፣ ቀበቶና ቀላል የቆዳ ጫማ ብቻ ነበር። ሱሪ አልነበረውም፤ እግሩ ከጭኑ ጀምሮ የተገለጠ ነበር። በዚህ አለባበሱ የሚያሳየው ምስል ዛሬም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1881 ያሳተመው የአደን መጽሐፉ በእንግሊዝ አገር ብዙ ወጣቶችን ወደ አፍሪካ የሳበ ሲሆን፣ የሚገርመው ግን መጽሐፉን አንብበው የተነሡት ጀማሪዎች የደራሲውን አለባበስ አለመከተላቸው ነው። እነርሱ ከሰሉስ ጀብዱን ወሰዱ፤ ልብሱን ግን ከለንደን ሱቅ ሸመቱ።

እርግጥ ነው፣ የሰሉስ ልብስ ለሁሉ ሰው የሚመከር አልነበረም። እሾህ፣ መዥገርና እባብ በበዛበት ስፍራ የተገለጠ እግር ዋጋ ያስከፍላል። ቁም ነገሩ ግን ልብሱ ራሱ ሳይሆን የተመረጠበት መንገድ ነው። ሰሉስ የጠየቀው ጥያቄ “አዳኝ ምን ይመስላል?” የሚል አልነበረም፤ “ይህን ቀን በዚህ አገር ስሮጥ ምን ያግደኛል?” የሚል ነበር።

የፀሐይ ፍርሃት

ሻጩና የዱሩ ሰው ክፉኛ የተለያዩት በፀሐይ ጉዳይ ነው። በህንድ ረግረግ የሚበቅል ሶላ የሚባል ተክል አለ፤ ከውስጡ የሚገኘው ነጭና ቀላል ገለባ እየተጠፈጠፈ በጨርቅ ተሸፍኖ የፀሐይ ባርኔጣ ይሠራበት ነበር። ባርኔጣው እንደ ባርኔጣ ነቀፌታ የለበትም፤ ክብደቱ ትንሽ፣ ጥላው ሰፊ ነው። ችግሩ የተነሣው ባርኔጣው ሳይሆን ከባርኔጣው ጋር የተሸጠው ትምህርት ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ፣ የሞቃት አገር ፀሐይ ከሙቀቱ ሌላ የራስ ቅልንና አከርካሪን ሰርስሮ የነጩን ሰው አንጎልና ጅማት የሚያቃውስ ስውር ጨረር አለው የሚል እምነት ተስፋፋ። ቻርልስ ዉድረፍ የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1905 ይህንኑ ሐሳብ የሚያራምድ መጽሐፍ አወጣ።

ፍርሃት ባለበት ገበያ አለ። ባርኔጣው ብቻውን አይበቃም ተባለና ከማጅራት እስከ ወገብ የሚዘረጋ፣ በጥጥ የተሞላ የአከርካሪ መሸፈኛ ወጣ። ቀይ ቀለም ጨረሩን ያግዳል ተባለና ቀይ ገበር ያለው ሸሚዝና ኮት ተሸጠ። በለንደን የሞቃት አገር ሕክምና ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ሉዊስ ሳምቦን በውጭ በኩል የአፈር ቀለም፣ በውስጥ በኩል ቀይ ድር ያለው “ሶላሮ” የሚባል ጨርቅ እንዲሠራ ሐሳብ ሰጠ። በኬንያ የሰፈሩ አውሮፓውያን ሰፋፊ የሱፍ ባርኔጣዎችን ሁለት ደርበው ያደርጉ ነበር፤ የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ደግሞ በቤት ውስጥም ባርኔጣቸውን የማያወልቁ ነበሩ። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአደን የሚጓዝ ሰው ይህን ሁሉ እንዲገዛ ይመከር ነበር።

ትምህርቱ ሳይፈተን አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1908 እና በ1909 የአሜሪካ ጦር በፊሊፒንስ ደሴቶች አምስት መቶ ያህል ወታደሮችን ብርቱካንማ ቀይ የውስጥ ልብስ አልብሶ ከሌሎች ነጭ ከለበሱ ወታደሮች ጋር አነጻጸረ። የሙከራው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1910 ሲገለጽ ቀዩ ልብስ አንዳች የጤና ጥቅም አለማሳየቱ፣ ይልቁንም በለባሹ ላይ የሙቀት ጫና መጨመሩ ታወቀ። ሆኖም ገበያው ወዲያው አልተገታም፤ የአከርካሪው መሸፈኛና ቀዩ ገበር ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ተሸጡ።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ቀላል ነው። ከአዳኙ ፊት ዱካ እየለየ የሚሄደው መሪና ከኋላው ጓዝ ተሸክሞ የሚከተለው ሰው ብዙውን ጊዜ ባዶ እግሩንና ባዶ ራሱን በዚያው ፀሐይ ሥር ይውል ነበር። ይህ በየቀኑ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ትምህርቱን ለማፍረስ በበቃ ነበር። ነገር ግን የዘመኑ የዘር አስተሳሰብ፣ የአፍሪካዊው ራስ ቅልና ቆዳ ከነጩ የተለየ ነው በማለት ማስረጃውን ገሸሽ አደረገው። በዚህም ምክንያት ባርኔጣው ከጥላነት አልፎ የገዢነት ምልክት ሆነ። ጀማሪው አዳኝ ባርኔጣውንና መሸፈኛውን ሲገዛ ጨርቅ ብቻ አልገዛም፤ ከተሸካሚው የሚለይበትን ማዕረግም አብሮ ገዝቷል።

እውነታው ከጊዜ በኋላ ግልጽ ሆነ። በሙቀት የሚመጣ ሕመም የሚነሣው ሰውነት በሥራ የሚያመነጨውንና ከውጭ የሚቀበለውን ሙቀት በላብ ትነት ማስወገድ ሲያቅተው ነው። እንግዲያው አከርካሪን በጥጥ መሸፈን በሽታውን የሚከላከል ሳይሆን የሚያግዝ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ በረሃ ብዙ የእንግሊዝ ወታደሮች ባርኔጣቸውን ጥለው በቁምጣ ሲዋጉ፣ ይደርስባቸዋል የተባለው የአንጎል ጥፋት አልደረሰም። የፀሐይ ጨረር ቆዳን መጉዳቱ ግን የተረጋገጠ ነውና ሰፊ ክፈፍ ያለው ማናቸውም ባርኔጣ ጥቅሙ እንደ ተጠበቀ ነው። የወደቀው ባርኔጣ ማድረግ ሳይሆን ያ ትምህርት ነው።

ፕሬዚዳንቱና የዕቃው መጽሐፍ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1909 የአሜሪካ ፕሬዚዳንትነቱን ያስረከበው ቴዎዶር ሩዝቬልት በሚቀጥለው ወር ሞምባሳ ወረደ። የጉዞው ዓላማ ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም ናሙና መሰብሰብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ካርቱም ላይ እስኪያበቃ ድረስ ከ11,000 በላይ የእንስሳትና የዕፅዋት ናሙናዎች ተሰብስበዋል። ጉዞው በዓለም ጋዜጦች ዘንድ ከፍተኛ ዝና ስላተረፈ፣ ከአረብኛ ወደ ስዋሂሊ የገባውና መንገድ ማለት የሆነው “ሳፋሪ” የሚለው ቃል በየአገሩ ተለመደ።

በኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1892 የተቋቋመው የአበርክሮምቢ መደብር ለዚህ ጉዞ ዕቃ ካቀረቡት አንዱ ነው። መደብሩ በዚያው በ1909 ባለ 456 ገጽ የዕቃ ዝርዝር መጽሐፍ በ50,000 ቅጂ አሳትሞ ለደንበኞች እንደ ላከ በድርጅቱ ታሪክ ይወሳል። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ቀድሞ ጀማሪው ስለ ልብስ የሚጠይቀው ከዱር የተመለሰ ሰው ፈልጎ ነበር። አሁን ግን ዱሩን ያላየው ሰው፣ ዱሩን ላላየ ሰው፣ ስለ ዱሩ ልብስ በሥዕል የሚያስተምርበት መጽሐፍ በፖስታ ቤት በኩል ቤቱ ድረስ መጣለት።

ሩዝቬልት ራሱ ስለ አለባበሱ የተወው ምስክርነት በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። የአደን ጉዞውን በተረከበት መጽሐፉ እንደ ገለጸው፣ ጫማው ሚስማር የተመታበት ወይም የጎማ ሶል ያለው ጠንካራ ጫማ ነበር። የካኪ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ቆዳ የተለበጠ ሲሆን፣ ገምባሌ እንዳያስፈልገው ከጉልበቱ በታች በቁልፍ ይጠብቅ ነበር። ሸሚዙም የጦር ሠራዊት ሸሚዝ ነው። እነዚህ ሁሉ በቀድሞ ሕይወቱ፣ በአሜሪካ ምዕራብ በከብት እርባታና በኩባ ዘመቻ፣ የለመዳቸው ዓይነት ናቸው። የፀሐይ ባርኔጣውን ግን ያደረገው የአገሩ ሰዎች ስለ መከሩት ብቻ መሆኑንና የሚወደው ክፈፈ ሰፊው የሱፍ ባርኔጣ እጅግ የበለጠ የሚመች መሆኑን ሳይደብቅ ጽፏል። ያን ያህል የተፈራና ያን ያህል ልምድ ያለው ሰው እንኳ በፍርሃቱ ትምህርት ፊት ምርጫውን አሳልፎ ከሰጠ፣ ልምድ የሌለው ጀማሪ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?

ሻጩ እውነት የተናገረበት

ይህ ሁሉ ሲባል ከሱቅ የመጣ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የዝናብ ልብስ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1823 ቻርልስ ማኪንቶሽ በሁለት ጨርቆች መካከል ጎማ በማጣበቅ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ሠራ። ጨርቁ ዝናብን አገደ፤ ነገር ግን ላብንም አፍኖ ስለሚያስቀር የሚሮጥ ሰው ከውጭ ደርቆ ከውስጥ ይረጥብ ነበር። ከዚህም ሌላ በሙቀት ይጣበቃል፣ ይሸታል። እ.ኤ.አ. በ1879 ቶማስ በርበሪ የተባለ የገጠር ልብስ ነጋዴ ክሩን ከመሸመኑ በፊት ውሃ እንዳያስገባ አድርጎ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነውን ጋባርዲን ፈለሰፈ። ይህ ጨርቅ ነፋስንና ካፊያን እየመለሰ የሰውነትን እንፋሎት ያሳልፋል። በርበሪ ለሽያጭ የሠራ ነጋዴ ቢሆንም መነሻው የገጠር ሰው እውነተኛ ችግር ስለ ነበር ልብሱ ፈተናውን አለፈ።

እንዲሁም የአልፕስ ተራሮች አዳኞች ከጥንት ጀምሮ የሚለብሱት ሎደን የተባለው ጥቅጥቅ ያለ የሱፍ ጨርቅ አለ። ሱፍ እርጥበት ቢጠጣም ሙቀቱን ፈጽሞ አይለቅም፤ ቅርንጫፍ ሲነካውም ድምፅ አያሰማም። የመንዝ ደጋ ሰው ባናና በርኖስ የሚለብስበት ምክንያት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ሁለቱም አገሮች ሳይመካከሩ ለአንድ ዓይነት ብርድ አንድ ዓይነት መልስ ሰጥተዋል። ጥጥ በአንጻሩ በደረቅ ሙቀት ተስማሚ ሲሆን በቀዝቃዛ ዝናብ ግን ውሃ ይዞ ሙቀትን ከሰውነት ስለሚመጥ አደገኛ ይሆናል። እንዳገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል የሚለው የአበው ቃል ለጨርቅ ምርጫም ይሠራል።

ከዱር ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ዱር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአዳኙ ልብስ ሌላ ጉዞ ጀመረ። አራት ኪስና ቀበቶ ያለው የካኪ ኮት ከዱር ወደ ሲኒማ፣ ከሲኒማ ወደ አደባባይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1968 የፓሪሱ ልብስ ቀያሽ ኢቭ ሴን ሎራን የሴቶች የሳፋሪ ኮት ሲያቀርብ ያ ጥይት መያዣ የነበረው ኪስ ጌጥ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጀማሪው ሱቅ ገብቶ የሚያየው ኪስ ለሥራ የተሰፋ ይሁን ለዓይን መለየት አዳጋች ሆነበት።

የፀሐይ ፍርሃት ካለፈ በኋላ ደግሞ በአሜሪካ ሌላ ፍርሃት ተተካ፤ ይኸውም በአውሬው የመታየት ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በቨርጂኒያ አንድ ቀስተኛ አዳኝ የዛፍ ቅርፊት የሚመስል ሥዕል የታተመበት ልብስ ለገበያ አቀረበ። በ1986 በጆርጂያና በሚሲሲፒ ሁለት ሌሎች ድርጅቶች ተከተሉት። ሥዕሉ ከዓመት ዓመት እየረቀቀ፣ ለየዛፉና ለየወቅቱ እየተለየ ሄደ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1992 በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ በአጋዘን ዓይን ላይ የተደረገው ጥናት እንዳረጋገጠው አጋዘን የሚያየው እንደ ሰው በሦስት የቀለም ተቀባይ ሳይሆን በሁለት ነው። ሰማያዊን አጥርቶ ያያል፤ ቀይንና ብርቱካንን ግን እንደ ሰው አይለይም። ስለዚህም በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አዳኝ አዳኝን በስሕተት እንዳይመታ በሕግ የሚታዘዘው ደማቅ ብርቱካንማ ሰደርያ ለሰው ዓይን እሳት ሲመስል ለአጋዘኑ የደበዘዘ ነው። አውሬውን የሚያስደነብሩት በዋናነት እንቅስቃሴ፣ ድምፅና በነፋስ የሚሄድ ጠረን ናቸው። ሻጩ አብዝቶ የሚያወድሰው የቅጠል ሥዕል ረዳት እንጂ ዋና አይደለም፤ የሰው ሕይወት የሚያድነው ሰደርያ ግን በማስታወቂያ ገጽ ላይ ጎልቶ ሲታይ እምብዛም አይገጥምም።

ሙያውና ጌጡ

በኢትዮጵያ የነበረው የአደን ልማድ በዚህ ጥያቄ ላይ የራሱ ብርሃን አለው። አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ጎሽ የገደለ ሰው ገዳይ ተብሎ ይወደስ፣ በአደባባይም ይፎክር ነበር። የአንበሳ ጎፈር በራስ ማድረግና ሎቲ በጆሮ ማንጠልጠል የዚህ ክብር መግለጫዎች ነበሩ። ይህ ልማድ አራዊትን በማመናመን ረገድ ያደረሰው ጉዳት የማይካድ ስለሆነ ዛሬ የሚመለስ አይደለም። ነገር ግን በውስጡ አንድ ሥርዓት ነበረው። አዳኙ ወደ ዱር የሚሄደው በዘወትር ልብሱ ነበር፤ ጌጡ የሚመጣው ሙያው ከተፈጸመ በኋላ ነው። ያልገደለ ሰው ጎፈር ቢያደርግ የሰው ወርቅ አያደምቅ ተብሎ መሳቂያ በሆነ ነበር።

ዘመናዊው ገበያ ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው። የአዳኝነትን መልክ ከአዳኝነት በፊት ሸጠ። የለንደኑ ወጣት በባርኔጣው፣ የኒውዮርኩ ደንበኛ በባለ ብዙ ኪስ ኮቱ፣ የኋለኛው ዘመን ጀማሪም በዛፍ ቅርፊት ሥዕሉ የገዙት አንድ ነገር ነው፤ ገና ያልሠሩት ሥራ ክብር።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ረጅም አይደለም። የሚረባ የአደን ልብስ የተገኘው ምንጊዜም ከአራት ጥያቄዎች መልስ ነው፤ አገሩ ቆላ ነው ወይስ ደጋ፣ ደረቅ ነው ወይስ ዝናባም? አዳኙ ሲሄድ ይውላል ወይስ ተቀምጦ ይጠብቃል? የሚታደነው አውሬ በምን ይነቃል? በዙሪያው ያለው ሌላ ሰው አዳኙን በምን ያየዋል? የላምስደን አቧራማ ልብስ፣ የሰሉስ ሸሚዝ፣ የሩዝቬልት በቁልፍ የሚጠብቅ ሱሪ፣ የተራራው ሰው ሱፍና ብርቱካንማው ሰደርያ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ስለ ነበሩ ጊዜ አላሻራቸውም። የአከርካሪው መሸፈኛና ቀዩ ገበር ግን ለፍርሃትና ለማዕረግ የተሰጡ መልሶች ነበሩ፤ ዛሬ የሚገኙትም በሙዚየም መስታወት ውስጥ ነው። ጥሩ ጫማ፣ ለአየሩ የሚስማማ ጨርቅ፣ ጥላ የሚሰጥ ባርኔጣና ዱካ የሚያውቅ ሰው ያገኘ ጀማሪ የቀረውን ከመግዛቱ በፊት አንድ ወቅት ሊታገሥ ይችላል። የጎደለውን ነገር ዱሩ ራሱ ይነግረዋልና።